«ፋይናል 3» የበላው አደራ

(ይህ ጽሑፍ በግላቸው የሚሠሩ ወጣት ጋዜጠኞችና የቪዲዮ አቀናባሪዎች ተሰባስበው በተወያዩበት ዕለት ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ቦታ አሳጠርኩት እንጂ ቃሉን አልለወጥኩትም።)



አዘጋጆቹ «በአንዲት ኮምፒዩተር አምስትና ስድስት የቪዲዮ ሥራ ይዞ ሳይደናበሩ መዝለቅ የሚቻልበትን ዘዴ ንገረን» ብለው ሲጋብዙኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ምነው ቢሉ፣ እኔን ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ስለ እሳት መከላከያ ንግግር አድርግ እንደ ማለት ነው። በኋላ ሳሰላስለው ግን «እውነታቸውን ነው፤ ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው ስለ እሳት ምን ያውቃል?» አልኩና መጣሁ።

እንግዲህ ሁላችንም እንተዋወቃለን። እዚህ የተቀመጥነው ደሞዝተኞች አይደለንም። ሥራችን ጋዜጠኝነት ነው ብንልም የቤት ኪራዩን የሚከፍልልን ሠርጉ ነው። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ፣ ሰኞ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ማክሰኞ የምረቃ ቪዲዮ… ከዚህ ሁሉ መሐል ገንዘቡ ከታክሲ የማያልፍ፣ ልባችን ግን ያለበት አንድ ሥራ አለ፤ እሱም ዘገባው ነው። ይኼ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ሃርድ ዲስክና በአንድ ጭንቅላት ነው። ቀብድ በልተናል፤ «አልደረሰልኝም» ማለት አንችልም። ታዲያ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ተረት ለእኛ የተተረተ አይመስላችሁም?

እኔ ከብብቴ የጣልኩትን ልንገራችሁ።

አርባ ደቂቃ

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ እናት አነጋገርኩ። ጉዳዩ ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ ለአንዲት ወረቀት አንድ የወረዳ ሠራተኛ «የሻይ» አምጪ ብሏታል። ሻዩ ግን የአንድ ዓመት ሻይ ነው! ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ተናገረችልኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ «ፊቴ እንዳይታይ፤ ድምፄም እንዳይለይ። ነገ እዚያው ቢሮ ደጅ የምጠናው እኔ ነኝ።» እኔም ደረቴን ነፍቼ «አደራ አለብኝ እማማ፤ በእኔ ይጣሉት» አልኳት።

ቤቴ ገብቼ ሠራሁት። ፊቷን በብዥታ ሸፈንኩ፤ ድምጿን አጎረነንኩ። ስሙንም «ፋይናል» አልኩት። ከዚያ በፊት ግን ድምፁን ለማስተካከል ብዬ ገና ያልተሸፈነውን ቅንብር ገልብጬ «ፋይናል 3» ብዬው ነበር። «ፋይናል 2»ም ነበረ። «የመጨረሻ ፋይናል» የሚባልም ነበረ። (ትስቃላችሁ፤ የእናንተም ኮምፒዩተር ውስጥ አሁን በዚች ሰዓት አለ!)

ቅዳሜ ማታ ዘገባውን ያዘዘኝ አዘጋጅ ስልክ ደወለ። «ረዘመ፤ ወደ ሦስት ደቂቃ አሳጥርልኝ።» ሰዓቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ላፕቶፔ ላይ አራት ሥራ ተከፍቷል፤ ጠዋት ለሙሽሮቹ ቤተሰብ የሚደርስ ሠርግ፣ ማስታወቂያ፣ ምረቃና ይኸው የእማማ ጉዳይ። ዐይኔ እየተጨፈነ ከአራቱ «ፋይናሎች» አንዱን ከፈትኩ፤ ቆረጥኩ፤ ቀጠልኩ፤ ከሠርጉና ከማስታወቂያው ጋር ለኤክስፖርት አሰለፍኩትና ተኛሁ። ጠዋት የሙሽራዋ ወንድም በር እያንኳኳ ነው። ቪዲዮውን ሳላየው በቴሌግራም ላክሁት። እነሱም እኔን አምነው ሳያዩት ለቀቁት።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። እኔ የነከስኩት ግን የሰው ሕይወት ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ባለቤቴ ደወለችና «አንተ! የሴትዮዋ ፊት እንዳለ ይታያል እኮ!» አለችኝ። እውነትም «ፋይናል 3» ነበር። ፊቷም ድምጿም እንዳለ! አስወረድነው። አርባ ደቂቃ ግን አርባ ደቂቃ ነው፤ ስልክ ባለበት አገር የወጣ ነገር ተመልሶ አይገባም።

ጥፋቱ የማን ነው? የሶፍትዌሩ ነው እንዳልል፣ እሱ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። የአዘጋጁ ነው እንዳልል፣ አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የእማማን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አሁን ከዚያ ወዲህ ሥራዬን እንዴት እንደያዝኩ ላጫውታችሁ።

የእድር መዝገብና አባላቱ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ። በፕሪሚየርም ሆነ በዳቪንቺ ሪዞልቭ «ፕሮጀክት» የምንለው ነገር በውስጡ ቪዲዮ የለበትም። ብዙዎቻችን ለዓመታት ስንሠራ ይህን ልብ አንለውም። ፕሮጀክት ማለት እንደ እድር መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የአባላቱ ስምና የቤታቸው አድራሻ ተጽፏል፤ አባላቱ ግን መዝገቡ ውስጥ አይኖሩም፤ በየቤታቸው ናቸው። አንዱ አባል ለጸሐፊው ሳይናገር ቤት ቢቀይር ጥሩምባ ነፊው የት ብሎ ይጠራዋል? ያ ቀይ ሆኖ «ሚዲያ ኦፍላይን» እያለ የሚያስደነግጠን ጽሑፍ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ «ሰውዬው በነበረበት ቤት የለም» ነው የሚለን።

ስለዚህ ፍላሽ ላይ ያለ ቪዲዮ ሰክቶ በቀጥታ ከዚያው መቁረጥ፣ ከዳውንሎድ ፎልደር ሙዚቃ ጎትቶ ማስገባት፣ ከዴስክቶፕ ፎቶ መውሰድ… ይኼ ሁሉ አባላቱን በየሆቴሉ ማሳደር ነው። ፍላሹ ሲነቀል እድሩ ፈረሰ። ደንቡ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሥራው ቤት አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን ክፈቱ።

«የሥራው ቤት» ያልኩት ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሠራ አንድ ፎልደር ነው። በውስጡ ክፍሎች አሉት። 1 ጥሬ ቪዲዮ፣ 2 ድምፅ፣ 3 ፎቶና ጽሑፍ፣ 4 ፕሮጀክት፣ 5 ለዕይታ የወጣ፣ 6 ለባለቤቱ የተሰጠ። እኔ ባዶውን ቤት አንድ ጊዜ ሠርቼ አስቀምጫለሁ፤ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ኮፒ አድርጌ ስሙን ብቻ እለውጣለሁ። አሥር ሴኮንድ ይፈጃል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ከሌሊቱ 7 ሰዓት ዐይናችሁ ሲጨፈን እጃችሁ መንገዱን ያውቀዋል። የሠርጉም፣ የማስታወቂያውም፣ የዘገባውም ድምፅ ሁልጊዜ ቁጥር 2 ውስጥ ነው።

ታላላቆቻችን እንደሚያጫውቱን በካሴት ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። ካሴት የሚጨበጥ ነገር ነው፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፤ መደርደሪያ ላይ ይቆማል። መደርደሪያው ራሱ ሥርዓት ያስይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 አቪድ፣ በ1991 መጨረሻ ደግሞ ፕሪሚየር መጥተው ቅንብሩን ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያስገቡት ከካሴቱ ጋር መደርደሪያውም ቀረ። አሁን መደርደሪያውን የምንሠራው እኛው ራሳችን ነን።

የስም ነገር

ስም ማውጣት ቀላል ይመስላል። እኛ አገር ግን ሦስት ወጥመድ አለበት።

አንደኛው ዘመኑ ነው። «2017» የሚል ፎልደር አለኝ። የኛ 2017 ነው ወይስ የፈረንጁ? ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኔ የጻፍኩት በኛ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ሥራ ጎን ለጎን ይተኛል። አሁን የፋይሉን ስም ካሜራው እንደሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመቱን አስቀድሜ፣ ወሩን አስከትዬ፣ ቀኑን አሳርጌ እጽፋለሁ። እንዲህ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። የኛውን ቀን ደብተሬ ላይ እይዛለሁ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ምሽት 2 ሰዓት የተቀረጸውን ካሜራው 20፡00 ይለዋል። አንዱን ካሜራ በሐበሻ ሰዓት፣ ሌላውን በፈረንጅ ሞልታችሁ ሠርግ ብትሄዱ ስድስት ሰዓት የተራራቁ ሁለት ሠርጎች ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የሁሉንም ካሜራ ሰዓት አንድ አድርጉ።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው። «ሠርግ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን «ሰርግ» ብላችሁ ብትፈልጉ ኮምፒዩተሩ «የለም» ሊላችሁ ይችላል። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለእሱ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀና ሐ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። በዚያ ላይ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ፊደላችንን ሲያይ ይደነግጣል። ስለዚህ ቅር እያለኝም ቢሆን የፋይል ስም በላቲን ፊደል፣ አጠር አድርጌ፣ ያለ ክፍት ቦታ እጽፋለሁ። አማርኛዬን ለዘገባው አቆየዋለሁ።

ማደባለቅ ይቅር

አንዳንዶቻችን አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ከፍተን የዓመቱን ሥራ በሙሉ እዚያ ውስጥ እንከምራለን። «ለመፈለግ ይመቸኛል» እንላለን። ሲከፈት አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ቀን ከተበላሸ ደግሞ የዓመቱ ሥራ አብሮ ተበላሸ። ሌሎቻችን ደግሞ ለያንዳንዷ ነገር አዲስ ፕሮጀክት እንከፍትና የቱ የየትኛው እንደሆነ ይጠፋናል።

ሶፍትዌሮቹ ለዚህ መላ አበጅተዋል። ፕሪሚየር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ከወጣው እትሙ ጀምሮ ብዙ ፕሮጀክት ባንድ ጊዜ መክፈት ይፈቅዳል። በሚያዝያ 2020 ደግሞ «ፕሮዳክሽንስ» የሚባለውን አመጣ። ይኼ አንድን ትልቅ ሥራ በትንንሽ ፕሮጀክቶች ከፍሎ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚይዝ ዘዴ ነው። ዶክመንተሪ ብትሠሩ ቃለ ምልልሶቹ ለብቻ፣ የቦታ ምስሎቹ ለብቻ፣ ቅንብሩ ለብቻ ይሆናል፤ ሁሉም ግን ይተያያሉ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ለአንድ ሥራ የተለያዩ ክፍሎች ነው እንጂ ሠርጉንና ዘገባውን ለማጋባት አይደለም!

ገንዘብ ለሌለን ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ የሚሰጠው እትም አለው። እሱ ውስጥ «ፓወር ቢን» የሚባል ቦታ አለ። ለሁሉም ሥራ የሚያስፈልጋችሁን፣ ምልክታችሁን፣ የስም መጻፊያውን፣ መግቢያና መውጫ ሙዚቃውን እዚያ ብታስቀምጡ በሁሉም ፕሮጀክት ውስጥ ይታያል፤ በየጊዜው መፈለግ ቀረ። ሪዞልቭ ላይ ግን አንድ አደጋ አለ። ፕሮጀክቱ ከቪዲዮው ጋር ፎልደር ውስጥ አይቀመጥም፤ ሶፍትዌሩ በራሱ መዝገብ ቤት ነው የሚይዘው። ኮምፒዩተራችሁ ፎርማት ሲደረግ መዝገብ ቤቱ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ማታ ማታ ፕሮጀክቱን ወደ ውጭ አውጥታችሁ በሥራው ቤት፣ በቁጥር 4 ክፍል አስቀምጡ።

የኔ ደንብ ይኼ ነው። የማልሠራበት ፕሮጀክት ይዘጋል። ዘገባ ስሠራ ሠርግ ክፍት አይሆንም። ከአንዱ ለአንዱ የምወስደው ነገር ካለ እወስድና እዘጋለሁ። ዐይን አንድ ነው፤ አራት መስኮት ከፍቶ አራቱንም አየሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

«ፋይናል» ይውደም!

መፈክር ያደግንበት ነገር ነውና አንድ መፈክር ላሰማ፤ «ፋይናል» የሚለው ቃል ይውደም!

ሥራ መቼ እንደሚያልቅ የምታውቁት እናንተ አይደላችሁም፤ ደንበኛው ነው፤ አዘጋጁ ነው፤ የሙሽራዋ እናት ናት። ስለዚህ ቁጥር ብቻ ስጡት። ቪ01፣ ቪ02፣ ቪ03። ትልቁ ቁጥር አዲሱ ነው፤ አለቀ። ለውጥ ልታደርጉ ስትሉ መጀመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ፤ አሮጌውን «የቀድሞ» የሚል ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ አትንኩት። በየቁጥሩ ፊት ለፊት ደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ፤ «ቪ04፣ ድምፁ ተስተካከለ፣ መግቢያው አጠረ»። እኔ ያን ጊዜ ይህችን አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ሌላ ንግግር አደርግላችሁ ነበር።

ፊቱ የሚሸፈን ሰው ካለ ደግሞ ከዚህም ይጠበቃል። ሽፋኑን በቅንብሩ ላይ አታድርጉት። በቅንብሩ ላይ የተደረገ ሽፋን ቅንብሩን ስትገለብጡ፣ ስታሳጥሩ፣ ስትቀይሩ ይረሳል። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጥሬውን ለብቻው በሌላ ፕሮጀክት እከፍታለሁ፤ ፊቱን እሸፍናለሁ፤ ድምፁን እለውጣለሁ፤ ራሱን የቻለ አዲስ ቪዲዮ አድርጌ አወጣለሁ። ወደ ዘገባው የሚገባው ይህ የተሸፈነው ብቻ ነው። ዘገባው ፕሮጀክት ውስጥ ያልተሸፈነ ፊት ከነአካቴው የለም። ስለዚህ በስህተት የቱንም ቁጥር ባወጣ የሚወጣ ፊት የለም! ጥሬው በይለፍ ቃል በተቆለፈ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት የሚባሉ መቆለፊያዎች አሉ። ላፕቶፕ በሌባ ሊሰረቅ ይችላል። ሌባ ባልሆነም ሰው ሊወሰድ ይችላል፤ ይኼን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የመጨረሻው በር ደግሞ ይኼ ነው፤ የወጣውን ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቱት። ሦስት ደቂቃ ነው! እኔ ሦስት ደቂቃ ሰስቼ ነው አርባ ደቂቃ የከፈልኩት።

ጊዜና መብራት

ብዙ ሥራ መያዝ ማለት ሁሉንም ባንድ ሰዓት መሥራት ማለት አይደለም። ግድግዳዬ ላይ አንድ ካርቶን ለጥፌያለሁ። በያንዳንዱ ሥራ ትይዩ ያለበትን ደረጃ እጽፋለሁ፤ ገባ፣ ተለየ፣ ተቆረጠ፣ ድምፅና ቀለም፣ ወጣ፣ ተሰጠ። ጠዋት ካርቶኑን አያለሁ እንጂ ስልክ የደወለልኝን ሰው ጩኸት አልከተልም። አብዝቶ የሚጮኸው ደንበኛ ብዙ ጊዜ ቀኑ ገና ያልደረሰው ነው።

ተመሳሳይ ሥራን ባንድነት እሠራለሁ። ሰኞ የሁሉንም ጥሬ ማስገባትና መለየት፤ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት መቁረጥ፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ። የራስ ሥራና የእጅ ሥራ ለየቅል ነው። ጠዋት ራስ ንጹሕ ሲሆን ዘገባውን፣ ማታ ራስ ሲደክም ለፋይል ስም መስጠትን። ኤክስፖርት ደግሞ የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው፤ ሁሉንም አሰልፋችሁ እናንተ እራት ብሉ። አሰልፉ ስል ግን እንደኔ ተኝታችሁ ጠዋት ሳታዩ ላኩት ማለቴ አይደለም።

ላፕቶፓችን አቅም የለውም። 4ኬ ቪዲዮ ሲገባበት እንደ ዳገት መኪና ያቃስታል። «ፕሮክሲ» የሚባለውን ተጠቀሙ። ሶፍትዌሩ ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራላችኋል፤ በቅጂው ትቆርጣላችሁ፤ ሲወጣ ዋናውን ይወስዳል። ቅጂውን ማዘጋጀትም የሌሊት ሥራ ነው።

የመብራትን ነገር አላነሳም ብዬ ነበር። ግን እንዴት ይታለፋል? እሱም እንደ አንዳንድ ባለሥልጣን ሳይነግረን ይመጣል፤ ሳይነግረን ይሄዳል። ሶፍትዌሩ ራሱን በየ5 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ እዘዙት። የባትሪው ነገር ሲቀንስ ኤክስፖርት አትጀምሩ። ዴስክቶፕ ያላችሁ አቅም በፈቀደ ዩፒኤስ ግዙ፤ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ለመዝጋት የምትበቃ አሥር ደቂቃ ብትሰጣችሁ ይበቃል።

ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት፣ አንድ ሌላ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2» የሚባለውን የካርቱን ፊልም ሲሠራ አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ በስህተት ባዘዘው የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ዐይናቸው እያየ ጠፋ። መጠባበቂያው ቢፈለግ እሱም በትክክል አልሠራም። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሱስማን የምትባል የቴክኒክ ኃላፊ ናት። ሕፃን ልጅ ስለነበራት ቤቷ ሆና ለመሥራት ቅጂ ወስዳ ነበር። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና ይዘውት መጡ። ፊልሙ በ1999 ወጣ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሀብት ያለው ስቱዲዮ በአራስ ቤት ቅጂ ከዳነ፣ እኛ በአንዲት ዲስክ የምንተማመነው ማንን ተማምነን ነው?

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስለመደው ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ። ፈረንጆቹ «ከቤት ውጭ» የሚሉትን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡታል። እኛ ግን ሰኔ 15 ቀን 2011 ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተናል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ከሦስት ሳምንት በላይ ሲጠፋ አይተናል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ሲዘጋ አይተናል። ንብረታችሁ ያለበትን ቤት ቁልፍ የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ ቤቱ የናንተ አይደለም። ስለዚህ የኛ «ሌላ ቤት» የእህታችን ቁም ሣጥን ነው፤ የክርስትና እናታችን ሣጥን ነው። የተቆለፈች አንዲት ዲስክ እዚያ ትቀመጥ።

ጥሬው ለምን ይጠበቃል ትሉኛላችሁ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ለዓለም አሳየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኛው ቴሌቪዥን ሲታይ ግን በረሃብተኛው መሐል የቤተ መንግሥቱ ድግስ ገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ግን የአቀናባሪ እጅ ነው። መቀስ የያዘ ሰው ይህን ያህል ጉልበት አለው። ነገ «ቆርጠህ ቀጥለህ ዋሸህ» የሚል ቢመጣ ጥሬውን አውጥቶ «እነሆ!» ማለት የሚችል አቀናባሪ ብቻ ነው የሚታመነው። ሥራው ሲያልቅ ፕሮክሲውንና የሶፍትዌሩን ጊዜያዊ ፋይል አጥፉ፤ ቦታ የሚበላው እሱ ነው። ጥሬውንና ፕሮጀክቱን ግን ባንድነት አሽጋችሁ አስቀምጡ።

የእማማ መደብ

አሁን ወደ እማማ ልመለስ።

ቪዲዮው በወረደ በማግሥቱ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። አልጮኸችም። ቲማቲሟን እያገላበጠች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም። የማውቀው መደቤን ነው። የትናንቱን ከዛሬው፣ የበሰለውን ከጥሬው ሳልለይ አልተኛም። አንድ የተበላሸ ካደረ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። አንተ የተማርከው ሰው ይኼ እንዴት ጠፋህ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ከቦታዋ አስነሷት። በዚያ ሰሞን የተነሱ ሌሎችም ነበሩ፤ ስለዚህ በኔ ቪዲዮ ይሁን በሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ ማወቅ አልቻልኩም። የሚያቃጥለኝም ይኸው አለማወቄ ነው። በኔ ምክንያት ቢሆን እንኳ ልክደው የምችልበት ቀዳዳ አለኝ፤ እሷ ግን መደብ የላትም። ዛሬ ሌላ ሰፈር ትነግዳለች። አንዳንዴ እሄዳለሁ። ሽንኩርት ትመርጥልኛለች፤ ስለዚያ ነገር አናነሳም።

ወገኖቼ፣ ስለ ፎልደርና ስለ ቁጥር ይህን ሁሉ ያወራሁት ንጽሕና ወዳድ ሆኜ አይደለም። ሰው ፊቱን፣ ድምፁን፣ የሠርጉን ቀን፣ የሟች አባቱን የመጨረሻ ምስል አምኖ እጃችን ላይ ሲያስቀምጥ አደራ ሰጠን ማለት ነው። አደራው ደግሞ የሚጠበቀው በደግ ልብ ብቻ አይደለም። እኔ ደግ ልብ ነበረኝ፤ የጎደለኝ የአንድ ፋይል ስም ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለኔ ደርሷል፤ ለእናንተ እንዳይደርስ ነው የመጣሁት።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሁሉንም ባንዴ ላስተካክል አትበሉ፤ አይሆንላችሁም። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ኮምፒዩተራችሁን ክፈቱና «ፋይናል» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ከሚወጡት ውስጥ የአንድ ፊቱ መሸፈን ያለበት ሰው ካለ፣ ሌሊቱንም ቢሆን ከእሱ ጀምሩ።